መቃብሩ ባሕር ለሆነ ሰው

ክቡራን የልደታ ሽማግሌዎች፥ ክቡራት እናቶች፥ የየእድሩ ዳኞችና ጸሐፊዎች፥ የደብራችን ካህናትና ከጎረቤት መስጊድ የመጣችሁ ወንድሞች፥ ይልቁንም የባሕር ኃይልን ነጭ ልብስ ለብሳችሁ በምፅዋና በዐሰብ ያገለገላችሁ አባቶች፤

ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የታዘዝሁት በወታደር ሥርዐት ስለሚቀበር ባሕረኛና እርሱን ለማክበር ስለሚሰበሰበው ማኅበር ነው። ይህ አርእስት ለደጋ ሰው ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ከዚህ ከልደታ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ ቁልቁለቱን ጨርሶ፥ ቆላውንና በረሃውን አቋርጦ፥ ዛሬም የሌላ መንግሥት ድንበር ተሻግሮ ካልሆነ በቀር የጨው ውኃ አያይምና። ነገር ግን ለእናንተ ለልደታ ሰዎች ባሕሩ የዚያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ቦሌ ሳይሠራ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በዚህ በልደታ ሜዳ ላይ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተነሣው ከዚሁ ሜዳ ነው። እንግዲህ ባሕር ኃይላችን በተቋቋመባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባ በአየር ወደ አሥመራ የሄደ፥ ከአሥመራም ወደ ምፅዋ የወረደ ወጣት ሁሉ ዘመዶቹን የተሰናበተው በእናንተ ደጃፍ ነበር ማለት ነው።

በሀገራችን ሰው ሲሞት አፈሩን ያቅልልለት ብለን እንመርቃለን። ባሕር ለዋጠው ሰው ግን የምናቀልለት አፈር የለም፤ ሐውልት የምናቆምበት ሥፍራ፥ በሙት ዓመቱ ሄደን የምናለቅስበት የመቃብር ራስጌ የለም። በየብስ ሞቶ በደብር ቅጥር የተቀበረውም ባሕረኛ ቢሆን ሥራው የተፈጸመበት ሥፍራ ከመቃብሩ እጅግ የራቀ፥ ያገለገለባት መርከብም ተሽጣ ወይም ሰጥማ የጠፋች ስለ ሆነች፥ ከሬሳው ጋር አብሮ የሚቀበረው ትዝታ ከሌላው ወታደር ይበልጣል። ስለዚህ ለባሕረኛ የሚገባው ክብር በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ያሻል፤ እኔም ብዙ ካሰብሁበት በኋላ በእናንተ እጅ ነው፥ በእድሩ መዝገብና በደብሩ ጸሎት ነው ብዬ አምኜ መጥቻለሁ፤ የዛሬው ንግግሬም ይህን ለማስረዳት ነው።

አባቶቻችን ጦረኛን እንዴት ይቀብሩ እንደ ነበር እናስታውስ። ስም ያለው ጦረኛ የሞተ እንደ ሆነ ፈረሱ እንደ ተጫነ፥ ባለቤት የሌለው ኮርቻ በሕዝብ ፊት እየታየ ይሳባል፤ ጋሻውና ጦሩ፥ ጠመንጃውና ጎራዴው፥ ለምዱና የአንበሳ ጎፈሩ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይወጣል፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ የጦር ጓዶቹም እየተነሡ በፉከራና በቀረርቶ የዋለበትን ሜዳ፥ የተከተለውን ጌታ፥ የጣለውንና የማረከውን ይቈጥራሉ። በሩቅ ሀገር ሞቶ ሬሳው ላልመጣ ሰው ደግሞ ምስሉ ተሠርቶ፥ የራሱን ልብስ ለብሶ፥ መሣሪያው ከጎኑ ተቀምጦ፥ እርሱ እንዳለ ሆኖ ይለቀስለት ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ያለውን ጥበብ ልብ በሉልኝ፤ ሬሳ ባይኖርም ለቅሶ አይቀርም፤ ለቅሶም ያለ ሥራ ዝርዝር አይፈጸምም። የፎካሪው ቃል የዚያ ዘመን የሕይወት ታሪክ ነበር፤ ውሸት የተናገረም እንደ ሆነ አብሮ የዋለ ጓድ በዚያው በሕዝብ ፊት ያርመዋል። ለባሕረኛ ግን ይህ ሁሉ ሥርዐት ገና አልተበጀለትም ነበር፤ ፈረስ የለውም፥ ጋሻ የለውም፥ ሞትና ሕይወቱን ያዩትም ከእርሱ ጋር በአንዲት መርከብ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው።

በጥንት ዘመን ዐፄ ካሌብ ከአዱሊስ ወደብ መርከብ አሰልፈው፥ ባሕረ ኤርትራን ተሻግረው ሂምያርን እንደ ወጉ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በዚያ ዘመቻ ማዕበል የበላቸው ግን ስንት እንደ ነበሩ፥ ስማቸውም ማን እንደ ነበረ የሚነግረን የለም። ከዚያ በኋላ ዘመን ዘመንን እየወለደ፥ ወደቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሄዶ፥ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955፥ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተመሠረተ፤ ዋና ጣቢያው በምፅዋ፥ በሚቀጥለውም ዓመት የመኮንኖቹ ኮሌጅ በአሥመራ ሆነ። ካሠለጠኑት የውጭ ሀገር ሰዎች መካከል የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ዋነኞቹ ነበሩ፤ ከኢትዮጵያውያኑ ወጣት መኮንኖችም አንዳንዶቹ በጣሊያን በሊቮርኖ፥ በአሜሪካ በአናፖሊስ እየተላኩ ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያገለገለች ትልቅ መርከብ ከአሜሪካ ተገኝታ «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች፤ የባሕር ኃይሉም ራስ እርሷ ሆነች።

እስቲ የዚያን ዘመን ልጅ በኅሊናችሁ ተመልከቱት። ከጣና ወይም ከሐይቅ በቀር ሰፊ ውኃ ያላየ፥ ብርድ ለምዶ ያደገ፥ ምናልባትም ዋና እንኳ የማያውቅ የደጋ ልጅ ነው፤ ወደ ምፅዋ ወርዶ፥ በዓለም ሙቀታቸው ከሚበረታ የወደብ ከተሞች አንዷ በሆነችው በዚያች ከተማ፥ ብረቱ በፀሐይ ግሎ እጅ በሚያቃጥልበት መርከብ ላይ፥ አንዱ በሞተር ክፍል፥ አንዱ በራዲዮ፥ አንዱ በመድፍ፥ አንዱም በወጥ ቤት ተመድቦ፥ በማዕበል እየተናጠ፥ እያስመለሰው፥ ሥራውን አንድ ብሎ ተማረ። ከዚያ ባሕር ዳር የተወለዱት የምፅዋና የዳህላክ ልጆች ባሕሩን ሲያውቁት የእኛ የደጋ ልጆች ግን በድፍረት ብቻ ገቡበት። ከእነርሱ መካከል በኋላ ጊዜ በጦርነት የወደቁትን ስናስብ ይህን ድፍረት መርሳት አይገባንም፤ በለመዱት ምድር ከመሞት ይልቅ ባልለመዱት ውኃ መሞት የመረረ ነውና።

ከባሕር ኃይላችን ሙታን ሁሉ በሕዝብ ዘንድ ስሙ የታወቀው የልዑል ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነው፤ የእርሱም ነገር ለእናንተ ለልደታ ሰዎች ቅርብ ነው። አባቱ ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ጦር ግንባር ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ተይዘው ሲገደሉ እርሱ ገና ሕፃን ነበር። በስደት ዘመን በእንግሊዝ አድጎ፥ የባሕርን ትምህርት ተምሮ፥ በባሕር ኃይሉ ውስጥ እስከ ምክትል አዛዥነት ደረሰ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ከጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ከአክሊሉ ሀብተ ወልድና ከእንዳልካቸው መኰንን፥ ከብዙ መኳንንትና የጦር አለቆች ጋር፥ ሳይከሰስና ሳይፈረድበት በጥይት ተገደለ፤ ሬሳቸውም ከዚህ ብዙ በማይርቀው በከርቸሌ ግቢ፥ ዓለም በቃኝ በተባለው እስር ቤት አጠገብ፥ ያለ ፍትሐትና ያለ ግንዘት በአንድ ጉድጓድ ተጣለ። እናቱ ልዕልት ተናኘወርቅም በዚያን ጊዜ እስረኛ ነበሩ። ሀገራችን መሬት ዳር እስከ ዳር እያላት፥ ካህናትም በየደብሩ ሳሉ፥ አንድ አድሚራል እንደ ማንኛውም ሰው በስመ ክርስትናው ተጠርቶ ሳይፈታለት አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ።

በ1984 ዓ.ም. ክረምት የነዚያ ሰዎች ዐፅም ከጉድጓዱ ወጥቶ፥ በክብር ተከፍኖ፥ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። እኔ ይህን ፍልሰተ ዐፅም በሀገራችን ከተፈጸሙት የወታደር ቀብሮች ሁሉ በጣም ከሚያስተምሩት አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ የማስተማሩም ምክንያት በሥርዐቱ ላይ ስለ ተገኘው ነገር ሳይሆን በዚያ ስላልተገኘው ነገር ነው። አድሚራሉ በአዲስ አበባ አፈር ሲለብስ ከባሕር ኃይሉ ጠመንጃ የሚያዘቀዝቅለት የክብር ዘብ የሚልክ፥ በመርከብ ላይ ባንዲራ ዝቅ የሚያደርግለት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የባሕር ኃይሉ መርከቦች በዚያ ወራት በየመን ወደብ ስደተኞች ነበሩና። የቀበረው ቤተ ዘመድ ነው፥ የቀበሩት የሌሎቹ ሟቾች ቤተ ሰቦች ናቸው፥ የቀበረው ከየሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ የመጣው ሕዝብ ነው።

እንዲህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት ብዙዎቻችሁ ስላያችሁት ባጭሩ አልፈዋለሁ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ስትወድቅ ዋናው የባሕር ኃይል ጣቢያ አብሮ ጠፋ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ዐሰብም በተያዘ ጊዜ መንቀሳቀስ የቻሉት መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ በዚያው በስደት ቀርታ ለብረታ ብረት ተሸጠች። የተረፉት ወደ ጅቡቲ ተዛውረው፥ የወደብ ኪራይ የሚከፍልላቸው በመጥፋቱ፥ በ1989 ዓ.ም. መግቢያ በሐራጅ ተሸጡ፤ በዚህም ባሕር ኃይሉ ከነስሙ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሞተ ባሕረኛ ሁሉ የሞተው ያገለገለበት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። ቀድሞ ለወታደር ሬሳ ሰንደቅ ዓላማውን የሚያለብሰው፥ መለከት የሚያስነፋው፥ ተኩስ የሚያስተኩሰው፥ ለመበለቲቱም ሐዘኑን በጽሑፍ የሚገልጸው የክፍሉ አዛዥ ነበር፤ ክፍሉ ሲፈርስ ግን ይህ ሁሉ ግዴታ ወራሽ አጣ።

ወራሽ አጣ ካልሁ በኋላ ግን ራሴን ማረም ይገባኛል፤ እድሩ ወርሶታል። አንድ የቀድሞ ባሕረኛ በዚህ ሰፈር ያረፈ እንደ ሆነ የሚደረገውን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ፥ አግዳሚው፥ ብረት ድስቱ ከእድሩ ቤት ይወጣል፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ይጥዳሉ፤ ወደ ምዕራብ ባለው በጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያረፈም እንደ ሆነ ሬሳውን የሚያመጡ ሰዎች ተመርጠው ይሄዳሉ፤ የቀድሞ ጓዶቹም እየተጠራሩ ከየአቅጣጫው፥ ከደብረ ዘይትም ሳይቀር፥ ይደርሳሉ። ሣጥኑ ሰንደቅ ዓላማ ይለብሳል። ከሣጥኑ ፊት ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ፎቶግራፉን በደረቱ ታቅፎ ይሄዳል፤ ፎቶግራፉም ብዙ ጊዜ በምፅዋ የተነሣው ነው፥ ነጭ ልብስና ነጭ ቆብ ያደረገ የሃያ ዓመት ጎበዝ። ከኋላ የሚከተሉት ጓዶች ወገባቸው የጎበጠ፥ ምርኩዝ የያዙ አረጋውያን ሲሆኑ ከፊት የሚመራቸው ግን ገና ሃያ ዓመቱ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ እነዚህ አረጋውያን ማንም ሳያዛቸው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው ያዛውራሉ፤ ቀኝ እጃቸውንም ወደ ግንባራቸው አንሥተው ሬሳው በመካከላቸው እስኪያልፍ ድረስ ያቆዩታል። ከዚህ የሚበልጥ የክብር ዘብ የትኛው መንግሥት ነበረው?

እንግዲህ እድሩ ይህን ያህል የሚያደርግ ከሆነ የጎደለው ምንድር ነው ትሉኝ ይሆናል። የጎደለውን በግልጽ እነግራችኋለሁ፤ ባልነግራችሁ ለሙታኑም ለእናንተም ታማኝ አልሆንምና። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፥ ሬሳው ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት፥ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ከአባቱ ከአቶ እገሌ፥ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደ፤ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ተማረ፤ በተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በታማኝነት አገለገለ፤ የዚህን ያህል ልጆችና የልጅ ልጆች አየ፤ ባደረበት ሕመም በሀገር ውስጥና በጸበል ሲረዳ ቆይቶ ዐረፈ ይባላል። በዚህ ንባብ ውስጥ ባሕሩ የት አለ? ሃያ ዓመት በመርከብ የኖረ ሰው፥ በሌሊት ማዕበል የሞተር ክፍል ውኃ ሲገባበት እስከ ወገቡ ቆሞ ያደረ ሰው፥ ከጎኑ ጓዱ ሲሰጥም እጁን ዘርግቶ ያልደረሰበት ሰው፥ «በተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች» በሚሉ ቃላት ተጠቅልሎ ከማንኛውም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳይለይ ይቀበራል። ቤተ ሰቡ ይህን የሚያደርገው ከንቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሟቹ ራሱ በደርግ ዘመን ስለ ማገልገሉ የተነሣበትን ጥርጣሬ ፈርቶ ብዙ ዓመት ዝም ስላለ፥ ልጆቹም ስላልጠየቁት፥ ጸሐፊውም በአንድ ሌሊት አጣድፎ ስለሚጽፈው ነው። ቢሆንም ቀብሩ ላይ ያልተነገረ ሥራ በሌላ ቀን አይነገርም። የጥንቱ ፎካሪ በፈረሱ ፊት ቆሞ የጦር ሜዳውን ስም በስሙ ይጠራ ነበር፤ እኛ ማይክሮፎን ይዘን ከእርሱ ማነስ የለብንም።

ስለዚህ የእድር ጸሐፊ ሆይ፥ ባሕረኛውን በሕይወቱ ሳለ ጠይቀው፤ በየትኛው ዓመት ገባ፥ ማን አሠለጠነው፥ በየትኛዋ መርከብ ላይ ዋለ፥ ሥራው ምን ነበር፥ ወደ የትኞቹ ወደቦች ሄደ፥ ምፅዋ በወደቀች ጊዜ የት ነበር፥ ወደ የመን ከተሻገሩት ወገን ነው ወይስ በዐሰብ ከቀሩት? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእርሱ ጋር ሆኖ ያልተመለሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቀው። በባሕር የቀሩትን ሰዎች ስም የያዘ የተሟላ ሐውልት በሀገራችን በአደባባይ አልቆመም፤ ስማቸው ያለው በእነዚህ አረጋውያን አፍ ውስጥ ነው። የዳነውን ሰው የሕይወት ታሪክ በሚገባ የጻፈ ሰው ያልዳነውንም አብሮ ጽፎአል።

ሌሎች ባሕር የለመዱ ሕዝቦች ይህን ነገር እንዴት አድርገው እንደ ተወጡት ብናይ አይከፋም። እንግሊዞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከባሕር በቀር መቃብር ለሌላቸው ባሕረኞቻቸው በፖርትስመዝ፥ በፕሊመዝና በቻተም ሦስት ታላላቅ ሐውልቶችን አቁመው ስማቸውን አንድ በአንድ በነሐስ ላይ ቀረጹ። ለእኛ የሚቀርበን ግን የኖርዌይ ምሳሌ ነው፤ ልጆቻችንን መርከብ መንዳት ያስተማሩት እነርሱ ናቸውና። ስታቨርን በምትባል የድሮ የባሕር ኃይል ወደብ ላይ፥ እንደ ፒራሚድ ሆኖ በድንጋይ የታነጸ፥ በ1926 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ንጉሥ ሆከን ሰባተኛ ባሉበት የተመረቀ የመታሰቢያ አዳራሽ አላቸው፤ ከውስጡም በመዳብ ሰሌዳዎች ላይ በጦርነት ዘመን በባሕር የሞቱ ሰዎቻቸው ስም ከዳር እስከ ዳር ተጽፏል፤ ከሁለተኛውም ጦርነት በኋላ የዚያ ዘመን ሙታን ተጨመሩበት። የሚደንቀኝ በዚያ ከተጻፉት ብዙዎቹ የጦር መርከብ ወታደሮች ሳይሆኑ የንግድ መርከብ ሠራተኞች መሆናቸው ነው፤ ከሰል ጫኙና እሳት አንዳጁ፥ ወጥ ሠሪውና የመርከቡ አለቃ በአንድ ጣራ ሥር ነው ያሉት። የእኛ የኖርዌይ መምህራን ይህን አዳራሽ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ መልሕቅ መጣልንና መድፍ መተኮስን ተምረን የሙታንን ስም መጻፍን ሳንማር ቀረን።

መታሰቢያ ሐውልት ለመሥራት ግን ገንዘብ፥ መሬትና የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያንን እስክናገኝ ድረስ ሙታኑ አይጠብቁም። ደብሩና መስጊዱ ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ስለ ሙታን የሚጸለየው በስመ ክርስትና ነው፤ ልዑሉም፥ አድሚራሉም፥ በሞተር ክፍል ዘይት ሲያጠጣ የኖረውም፥ ገብረ ሥላሴ ወይም ወልደ ሚካኤል ተብሎ ያለ ማዕርግ ይጠራል። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ስመ ክርስትናው ከታወቀ ሊጸለይለት፥ ተዝካሩም ሊወጣለት ይችላል፤ ችግሩ ስመ ክርስትናውን የምታውቀው እናቱ ብቻ መሆኗና እናቶቹም አንድ በአንድ እያረፉ መሆናቸው ነው። ከምፅዋና ከዳህላክ፥ ከወሎና ከሐረር መጥተው ያገለገሉት ሙስሊም ባሕረኞችም በኢስላም ሥርዐት በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገድ ሶላት አላቸው፤ ኢማሙ የሚፈልገው ስሙን ብቻ ነው። ወደ ሌላ መንግሥት የሄዱት የኤርትራ ልጆችም በአንዲት መርከብ ላይ አብረውን የሞቱ ናቸውና፥ ድንበር ከተሰመረ በኋላ ስማቸውን ከዝርዝሩ መፋቅ አይገባንም።

ከሁሉ ይልቅ የምታሳዝነኝ መርዶ ያልተነገራት ቤት ናት። ወንድ ልጇ በ1982 ዓ.ም. ከምፅዋ ደብዳቤ ጽፎላት ከዚያ ወዲህ ድምፁ የጠፋባት እናት፥ ሞተ የሚላት ሰው ስላጣች ከል አልለበሰችም፤ አለ የሚላትም ስለሌለ ደስታ አላየችም፤ በየዓመቱ ከየመን ወይም ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚመለስ ሰው በሰማች ቁጥር ደጅ እየወጣች ኖራለች። መርዶ መንገር የመንግሥት ግዴታ ነበር፤ የሚያረዳው መንግሥት ሲወድቅ ግዴታው ከነወረቀቱ ወደቀ። እንዲህ ላለች እናት የእድሩ ሰዎች ሽማግሌ ይዘው፥ ከልጇ ጋር ያገለገለ ሰው ፈልገው፥ የሚታወቀውን ሁሉ በእርጋታ ነግረው ቁርጧን ቢያሳውቋትና ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ለልጇ በደንቡ እንድታለቅስ ቢያደርጓት፥ ይህ ከማንኛውም ተኩስ የበለጠ የወታደር ክብር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለመንግሥትም የምለው አለኝ፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደ ገና እያቋቋመች ነው፤ አዳዲስ ወጣቶችም ያንኑ ነጭ ልብስ ለብሰው እናያቸዋለን። ለአዲሱ ባሕር ኃይል ወደቡ ወይም መርከቡ ገና ቢሆንም፥ ከሁሉ በፊት ሊወርሰው የሚችለው የቀድሞዎቹን ሙታን ነው። አንድ የቀድሞ ባሕረኛ በልደታ ሲያርፍ ከአዲሶቹ ወጣቶች ስድስቱ መጥተው ሣጥኑን ቢሸከሙ፥ አንዱም መለከት ቢነፋ፥ ወጪው የአንድ አውቶቡስ ነዳጅ ነው፤ ወጣቶቹ ግን የሚወስዱት ትምህርት በየትኛውም ኮሌጅ አይገኝም። በቅድስት ሥላሴ ቅጥር ግቢ በኮሪያ የወደቁት የቃኘው ወታደሮች ዐፅም ከሩቅ ምሥራቅ ድረስ መጥቶ በክብር ያረፈው፥ መንግሥት ሲፈልግ ሙታኑን ከየትም እንደሚሰበስብ ምስክር ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የልደታ የድሮ ቤቶች በብዛት ፈርሰው፥ የጋራ መኖሪያ ፎቆች በቦታቸው ሲተኩ፥ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ አንዳንዱ ወደ ጀሞ፥ አንዳንዱ ወደ ሌላ የከተማ ዳር ሄዷል፤ እድሮችም ተከፍለዋል፥ የአባላት መዝገብ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር የጠፋበትም አለ። ከእንግዲህ ጥቂት ዓመታት ብንዘገይ የባሕር ኃይል ሰው በየትኛው ደጅ ይኖር እንደ ነበር የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ እያንዳንዱ እድር በሚቀጥለው የወር ስብሰባው በመዝገቡ ላይ ለባሕረኞች አንድ ገጽ ይክፈት፤ በዚያም ላይ በሕይወት ያሉትን፥ በልደታ የተቀበሩትንና ባሕር የወሰዳቸውን፥ ከነስመ ክርስትናቸው ወይም ከነእስልምና ስማቸው፥ ከነመርከባቸውና ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፤ የገጹም አንድ ቅጂ ለደብሩ፥ አንድ ቅጂ ለመስጊዱ፥ አንድ ቅጂ ለአዲሱ ባሕር ኃይል ይላክ። እዚህ የተቀመጣችሁ የባሕር ኃይል አባቶችም ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ የምታስታውሷቸውን የሞቱ ጓዶቻችሁን ስም ለጸሐፊዎቹ ንገሯቸው፤ ወረቀትና ብዕር በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቷል።